የሚለበስ ገመድ አልባ ኮምፒውተራችሁ ካርድ እንዳይበላሽ፦ ከምርጫ እስከ ፍተሻ

በተደጋጋሚ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ክንዴ ላይ የማስረው ኮምፒውተር ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ግን አልነሳ አለ። አዲስ ካርድ ገዝቼ ጫንኩ፤ እሱም ብዙ አልቆየ። ጥፋቱ የካርዱ ነው ወይስ የእኔ?» የሚል ነው። አንዱ ደረቱ ላይ የልብ ምት ይመዘግባል፣ ሌላው መነጽሩ ላይ ስክሪን ሰክቷል፣ ሌላው ቀበቶው ላይ ካሜራ አስሯል። ዕቃው ይለያያል። የሚበላሸው ግን አንድ ነው፦ ትንሿ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ።

መልሱ ረዘም ስለሚል እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ለምሳሌ የምጠቀመው ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩን ነው። 65 በ30 ሚሊሜትር የሆነች ቦርድ ናት። ዋይፋይና ብሉቱዝ አላት፣ ራሟ 512 ሜጋባይት ነው፣ የምትነሳውም ከማይክሮ ኤስዲ ካርድ ነው። ሊኑክስ የሚሠራበት ሌላ ቦርድ ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው። ሊኑክስ የሌለው ትንሽ ቺፕ ለምትጠቀሙ ወደ መጨረሻው አካባቢ ለብቻው የተጻፈ ክፍል አለ።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ፍላሽ (ካርዱ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥበት ቺፕ) ላይ የተጻፈን ነገር እዚያው ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም፤ በፊት የነበረው መጥፋት አለበት። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሚጻፈው በገጽ ነው፤ አንድ ገጽ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 16 ኪሎባይት ነው። የሚጠፋው ግን በብሎክ ነው፤ አንድ ብሎክ በጣም ብዙ ገጾችን ይይዛል፣ መጠኑም ብዙ ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። አንድ ብሎክ ደግሞ ያለገደብ አይጠፋም፣ አይጻፍም። አሁን በብዛት የሚሸጡት ካርዶች ውስጥ ያለው ቲኤልሲ የሚባለው ፍላሽ በግምት ከ1,000 እስከ 3,000 ዙር ነው የሚችለው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሴንሰር በሰከንድ 20 ጊዜ ይለካል እንበል፤ እያንዳንዱ ልክ 12 ባይት ነው። በሰከንድ 240 ባይት፣ በቀን ወደ 20.7 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራማችሁ በየሰከንዱ «አሁኑኑ ካርዱ ላይ ጻፍ» ካለ፣ ለእያንዳንዷ 240 ባይት ቢያንስ አንድ 16 ኪሎባይት ገጽ ይሄዳል። በቀን 1.4 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው፤ 68 እጥፍ። የካርዱ ውስጣዊ ተቆጣጣሪ ደካማ ከሆነ ይብሳል። ትንሿን ቁራጭ ለማስገባት ሙሉ ብሎክ የሚገለብጥ ካርድ፣ ብሎኩ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ በቀን ወደ 345 ጊጋባይት ይጽፋል። 1,000 ዙር የሚችል የ32 ጊጋባይት ካርድ በዚህ ሂሳብ ሦስት ወር ገደማ ነው የሚቆየው።

ሁለተኛው ገዳይ ድንገተኛ የኃይል መቋረጥ ነው። ካርዱ ከጀርባ ሆኖ ገጾችን ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ የትኛው መረጃ የት እንዳለ የሚያሳየውን ካርታም ያድሳል። በዚህ መሀል ባትሪው ካለቀ ወይም ሽቦው ከላላ፣ የሚጎዳው እየተጻፈ የነበረው ፋይል ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በሰላም የተቀመጠ መረጃም ሊሄድ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ይህ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚያጋጥመው። ሰውነት ላይ የታሰረ ኮምፒውተር ግን ከባለቤቱ ጋር ይሮጣል፣ ይታጠፋል፣ ያላበዋል፣ ባትሪውም ትንሽ ነው።

ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ሦስት ነገር ለማሳካት ነው፦ ጥቂት ጊዜ መጻፍ፣ ሲጻፍ ደግሞ አጠራቅሞ መጻፍ፣ ኃይሉ ከመቋረጡ በፊትም ጽፎ መጨረስ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ሁለት አንድ ዓይነት ማይክሮ ኤስዲ ካርዶች፣ 32 ወይም 64 ጊጋባይት (አንዱ መጠባበቂያ ነው)
- ካርድ ማንበቢያ
- ሊኑክስ ያለበት ወይም ከፍላሽ ዲስክ በሊኑክስ የሚነሳ ሌላ ኮምፒውተር
- ቦርዱ፣ ባለ አንድ ሴል የሊቲየም ባትሪ፣ ወደ 5 ቮልት የሚያሳድግ የኃይል ሰርኪት
- የባትሪ መጠን የሚለካ ቺፕ፣ ለምሳሌ ማክስ17048
- የመጫኛ ቁልፍ (በተን) እና ከ100 እስከ 470 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር
- መልቲሜትር
- ሙቀት የሚችል ካፕቶን ቴፕ፣ 90 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ክር የማይተው ጨርቅ

እርምጃ 1፦ ካርዱን ምረጡ

ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት ለእናንተ ሥራ ብዙም አይጠቅምም። እሱ የሚናገረው ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ስለመጻፍ ነው። ቪ30 የሚለው ምልክት ለምሳሌ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት በተከታታይ እንደሚጽፍ ያሳያል፤ ለቪዲዮ ጥሩ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራው ግን እዚህም እዚያም ትንንሽ ነገር በማንበብና በመጻፍ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ምልክቶች ናቸው። ኤ1 በሰከንድ ቢያንስ 1,500 የተበታተነ ንባብና 500 ጽሕፈት ይችላል። ኤ2 ደግሞ 4,000 እና 2,000። የኤ2 ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሚገኘው ግን ቦርዱም ሲደግፈው ስለሆነ፣ ለዚህች ቦርድ ጥሩ ኤ1 ካርድ ይበቃል።

ከሚያስፈልጋችሁ በላይ መጠን ያለው ግዙ። 8 ጊጋባይት መረጃ ብቻ ቢኖራችሁም 32 ውሰዱ። ምክንያቱም ካርዱ ጽሕፈቱን በሁሉም ብሎኮች ላይ እያከፋፈለ ነው የሚሠራው፤ ብሎክ በበዛ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዙር ያንሳል። «ሃይ ኢንዱራንስ» ወይም «ኢንዱስትሪያል» የተባለ ካርድ ካገኛችሁ የተሻለ ነው። ሃይ ኢንዱራንስ የሚባሉት በዋናነት ለካሜራ ተከታታይ ቅጂ ስለሚሠሩ፣ እርምጃ 6ን ለመዝለል ሰበብ አይሆኗችሁም።

እርምጃ 2፦ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ

128 ጊጋባይት ነኝ እያለ ውስጡ 16 ብቻ የሆነ ካርድ በገበያ ላይ አለ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል። እውነተኛው መጠን ሲሞላ ግን አዲስ የሚጻፈው ነገር የት እንደገባ አይታወቅም፤ ወይ ጭራሽ አይቀመጥም ወይ የድሮውን ያጠፋል። መልእክትም አይሰጥም። ለዚህ ነው ፍተሻው ከሁሉም በፊት የሚመጣው።

ሊኑክስ ላይ ኤፍ3፣ ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን እስከ ጫፍ ይሞሉታል፣ ከዚያ መልሰው ያነቡታል። አንድ ባይት እንኳ ከተለየ ካርዱን መልሱ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ሁለቱንም ካርዶች ፈትሹ።

እርምጃ 3፦ ሲስተሙን ጫኑ

ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም ያለ ዴስክቶፕ የሚሠራውን ቀላሉን ሲስተም ጫኑ። ዴስክቶፑ ለማይታይ ስክሪን ሲል ራም ይበላል፣ ካርዱ ላይም ይጽፋል። የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል እዚያው አስገቡ። ፕሮግራሙ ጽፎ ሲጨርስ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ይህን ማረጋገጫ አታቋርጡት፤ ካርዱም ማንበቢያውም ጤነኛ መሆናቸውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ካርዱን ቦርዱ ላይ ሰክታችሁ አንድ ጊዜ አስነሱት፣ አሻሽሉት (አፕዴት)፣ የሚያስፈልጓችሁን ፕሮግራሞች ሁሉ አሁኑኑ ጫኑ። ኋላ ላይ ሲስተሙን ስለምናሽገው መጨመር አይመቻችሁም።

እርምጃ 4፦ ለመረጃችሁ የራሱን ፓርቲሽን (የካርድ ክፍልፋይ) ስጡት

መጀመሪያ ሲነሳ ሲስተሙ ራሱን ዘርግቶ ካርዱን በሙሉ ይይዘዋል። ዝጉትና ካርዱን ወደ ሌላው ኮምፒውተር ውሰዱ። ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም የሲስተሙን ፓርቲሽን ወደ 8 ጊጋባይት ቀንሱት፣ ከቀረው ላይ ለመረጃ የሚሆን አዲስ ፓርቲሽን ክፈቱ። ፎርማቱ ኤክስት4 ይሁን። መጨረሻው ላይ ከጠቅላላው መጠን 20 ከመቶ ያህሉን ባዶ ተዉት።

ለምን መለየት አስፈለገ? የኃይል መቋረጥ ቢመጣ የሚጎዳው እየተጻፈበት ያለው ፓርቲሽን እንዲሆንና ሲስተሙ ሁልጊዜ እንዲነሳ ነው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ የተጎዳውን ራሱ መጠገን ይችላል። ካልተነሳ ግን ጉዳዩ እናንተ ጋ ነው የሚመጣው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመረጃውን ፓርቲሽን ፋት32 አታድርጉት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈቱ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ያልተጠናቀቀ ለውጥን የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም።

እርምጃ 5፦ አሁኑኑ መስጥሩት

ሰውነት ላይ የሚታሰር ነገር ይወድቃል፣ ይረሳል፣ ይሰረቃል። በውስጡ ያለው ደግሞ የልብ ምታችሁ፣ የሄዳችሁበት ቦታ፣ ያያችሁት ሰው ነው። «ሲያስፈልግ አጠፋዋለሁ» አትበሉ። ካርዱ ጽሕፈቱን በብሎኮች መካከል ስለሚያዘዋውር፣ አጠፋሁ ወይም ደርቤ ጻፍኩበት ያላችሁት ፋይል አሮጌ ቅጂ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከመጀመሪያው ተመስጥሮ የተጻፈ መረጃ ግን ቁልፉ ከሌለ ለማንም አይጠቅምም።

የመረጃውን ፓርቲሽን ለክስ በሚባለው የሊኑክስ መመስጠሪያ መስጥሩት፤ መመስጠሩ ፎርማቱን ስለሚያጠፋው ኤክስት4 ከዚያ በኋላ ውስጡ ይደረግ። የዚህች ቦርድ ፕሮሰሰር ለኤኢኤስ (ለተለመደው የመመስጠሪያ ስልት) የተለየ ማፋጠኛ የለውም፤ ስለዚህ አዲያንተም የሚባለውን ስልት ምረጡ፣ በእንዲህ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ በጣም ይፈጥናል። ቁልፉን እዚያው ካርድ ላይ አታስቀምጡ። ቦርዱ ሲነሳ ከስልካችሁ በዋይፋይ ገብታችሁ ክፈቱት። ጠዋት ጠዋት አንድ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ግን ዋጋ አለው።

እርምጃ 6፦ አጠራቅሞ የሚጽፍ ፕሮግራም አድርጉት

ከዚህ መመሪያ አንድ እርምጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ከሴንሰር የሚመጣውን ልክ በቀጥታ ወደ ፋይል አትላኩት። ራም ላይ አጠራቅሙት፣ በየ30 ሰከንዱ አንዴ በአንድ ላይ ጻፉት፣ ከጻፋችሁ በኋላ ሲንክ አድርጉ (ራም ላይ ሳይቆይ ካርዱ ላይ እንዲገባ እዘዙ)። ከላይ ያነሳነው ሴንሰር በ30 ሰከንድ 7,200 ባይት ነው የሚሰጠው፤ አንድ ገጽ ውስጥ ይገባል። በቀን 2,880 ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው፣ በድምሩ ወደ 47 ሜጋባይት። 1.4 ጊጋባይት የነበረው ወደዚህ ወረደ። ኃይል ቢቋረጥ የምታጡት ቢበዛ የ30 ሰከንድ መረጃ ነው። ይህ ከበዛባችሁ ወደ 10 አውርዱት፣ ካልበዛባችሁ ወደ 60 ከፍ አድርጉት። ጊዜውን የሚወስነው ሥራችሁ ነው።

የተጻፈውን ፋይል ተመልሳችሁ አታርሙ፤ ከመጨረሻው ላይ ብቻ ቀጥሉ። በየሰዓቱ አዲስ ፋይል ክፈቱ። ያኔ ጉዳት ቢደርስ የአንድ ሰዓት ፋይል ነው የሚነካው፣ የሳምንቱ አይደለም።

በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሲአርሲ (ከመስመሩ ይዘት የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) ጨምሩ። ኃይል የተቋረጠበትን ፋይል ከፍታችሁ ብታዩ የመጨረሻዋ መስመር ቁጥሩ መሀል ላይ ተቆርጣ ታገኟታላችሁ፤ 98.6 መሆን የነበረበት 98 ብሎ ይቀራል። 98 ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ሲአርሲው ግን አይገጥምም፣ ፕሮግራሙም መስመሯን ይጥላታል።

ኤስኪዩላይት የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው አታስገቡ። ብዙውን በአንድ ትራንዛክሽን (በአንድ ላይ በሚጸድቅ ጽሕፈት) አስገቡ፣ የአጻጻፍ ሞዱንም ዋል ወደሚባለው ቀይሩት። ብዙ ሰው ዳታቤዙ ቀርፋፋ ነው ብሎ የሚያማርረው በየመስመሩ ካርዱ እስኪጽፍ እየጠበቀ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዷ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም፤ ጊዜውን የምታውቀው ኔትወርክ ስታገኝ ነው። ዋይፋይ በሌለበት ከተነሳች ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ የፋይል ስም በቀን ሳይሆን በተከታታይ ቁጥር ይሁን፣ አለዚያ አዲሱ ፋይል የድሮውን ይደርበዋል። ትክክለኛ ሰዓት የግድ ከሆነ ዲኤስ3231 የሚባለውን የሰዓት ቺፕ ግጠሙ።

እርምጃ 7፦ ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈውን ቀንሱ

እናንተ ዝም ብትሉም ሲስተሙ ዝም አይልም። ሦስት ቦታ ንኩ።

ስዋፕ (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበት ቦታ) ካርዱ ላይ ከሆነ አጥፉት። ራም ካነሳችሁ በራሱ ራም ውስጥ አጭቆ የሚያስቀምጠውን ዚራም ተጠቀሙ። የሲስተሙን ጆርናል (የራሱን ሥራ የሚመዘግብበት ሎግ) ማስቀመጫ «ቮላታይል» ወደሚለው ቀይሩና መጠኑን 20 ሜጋባይት ላይ ገድቡት፤ ያኔ ራም ላይ ብቻ ይጻፋል። የመረጃውን ፓርቲሽን ደግሞ «ኖኤታይም» በሚለው አማራጭ ክፈቱት። ያለዚያ ፋይል ስታነቡ እንኳ «በዚህ ሰዓት ተነበበ» እያለ ሊጽፍ ይችላል።

እርምጃ 8፦ ኃይሉን አስተካክሉ

ካርድ ተበላሸብኝ ከሚሉኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ሲመረመር ካርዱ ጋ ሳይሆን እዚህ ነው የሚገኘው።

ዋይፋይ መላክ ሲጀምር ቦርዱ በቅጽበት ብዙ ኃይል ይስባል። በዚያው ሰዓት ካርዱ እየጻፈ ከሆነ እሱም ይስባል። ሽቦው ቀጭን ወይም ረጅም ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱ ጠፍቶ ይነሳል፣ ጽሕፈቱ መሀል ላይ ይቀራል። ትልልቆቹ የራስፕቤሪ ፓይ ቦርዶች ቮልቴጅ ሲያንስ ያስጠነቅቃሉ፤ የዜሮ ቤተሰብ ግን ይህ መለኪያ የለውም። ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ በመልቲሜትር ራሳችሁ ለኩ። ትልቅ ፋይል በዋይፋይ እየላካችሁ ቦርዱ ላይ ያለውን የ5 ቮልት መስመር እዩ፤ ከ4.8 በታች ከወረደ ሽቦውን አሳጥሩ፣ አወፍሩ። ካፓሲተሩን ከቦርዱ የኃይል እግሮች (ፒኖች) አጠገብ በየዋልታው ግጠሙት፤ ቅጽበታዊ ጉድለቱን ይሸፍናል።

ከዚያ የባትሪውን መጠን የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። 3.4 ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ በራሱ የተጠራቀመውን ጽፎ ሲስተሙን ይዝጋ። ባትሪው ጨርሶ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ወደ መጨረሻው ቮልቴጁ በጣም በፍጥነት ነው የሚወርደው፣ ለመዝጋት ጊዜ አይሰጥም።

የመዝጊያ ቁልፍም ያስፈልጋል፤ ሰው ሲቸኩል ሽቦውን ላጥ አድርጎ ነው የሚነቅለው። «ጂፒአይኦ ሻትዳውን» የሚባለውን ቅንብር ካበራችሁ፣ 5ኛውን እግር ከ6ኛው ጋር የሚያገናኝ ቁልፍ ሲስተሙን በሥርዓት ይዘጋዋል፤ የተዘጋውንም መልሶ ያስነሳዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ያው 5ኛ እግር የአይ2ሲ (ቺፖች በሁለት ሽቦ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ) ሴንሰሮችም መስመር ነው። የባትሪ መለኪያውና የሰዓት ቺፑ በአይ2ሲ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ እነሱ ካሉ ለመዝጊያው ሌላ እግር ምረጡ። መዝጋቱ ይሠራል፣ በቁልፉ መልሶ ማስነሳቱ ግን ይቀራል።

ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ማለቱን አቁሞ እስኪጠፋ ጠብቁ። 5 ሰከንድ ጨምሩና ኃይሉን አቋርጡ። ሲስተሙ ቢዘጋም ካርዱ የራሱን ማዛወር ገና ላይጨርስ ይችላልና።

እርምጃ 9፦ መረጃውን በዋይፋይ አውጡ

ካርዱን እያወጡ እየከተቱ መረጃ መውሰድ ሶኬቱን ያላላል። ገመድ አልባ የሆነውም ለዚህ ነው፣ ተጠቀሙበት። መላኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ይጀምር፤ ያኔ ኃይል አይጎድልም፣ ባትሪም አይባክንም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፋይሉ ይላክ። ተቀባዩ የሻ-256 ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ) ያስላና ይመልስ። ቦርዱ ከራሱ ጋር ያመሳክር። ከገጠመ ብቻ ይጥፋ። ዋይፋይ መሀል ላይ ሲቆረጥ ግማሽ ፋይል ተቀባዩ ጋ ይቀራል፤ ሳያመሳክር የሚያጠፋ ፕሮግራም ዋናውንም ቅጂውንም ያሳጣችኋል። አንድ ሰው የ11 ቀን ልክ እንዲህ ሲሄድበት አይቻለሁ፤ ፋይሎቹ ሁሉ ስማቸው አለ፣ ውስጣቸው ግን የተቆረጠ ነው።

በሳምንት አንዴ ደግሞ ኤፍስትሪም የሚባለው ትእዛዝ ይሂድ። የጠፉት ፋይሎች ቦታ ባዶ መሆኑን ለካርዱ የሚነግረው እሱ ነው። ካርዱ ይህን ካላወቀ ማንም የማይፈልገውን መረጃ ከብሎክ ብሎክ እየተሸከመ ይኖራል። ፓርቲሽኑ የተመሰጠረ ስለሆነ መልእክቱ እንዲያልፍ ሲከፈት «ዲስካርድ» የሚለው መፈቀድ አለበት።

እርምጃ 10፦ ሲስተሙን እሸጉት

ሁሉም ነገር መሥራቱን ስታረጋግጡ ራስፒ-ኮንፊግ የሚባለውን የሲስተሙን ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቱ። «ፐርፎርማንስ ኦፕሽንስ» ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚለውን አብሩ። የቡት ፓርቲሽኑንም እንዳይጻፍበት ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት። ከዚህ በኋላ ሲስተሙ ካርዱን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። የሚቀየረው ሁሉ ራም ላይ ይቆይና ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አሁን አንድ ፈተና አለ፣ እንዳትዘሉት። የመረጃው ፓርቲሽን ላይ አንድ ፋይል ጻፉ፣ አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ፋይሉ መኖሩን እዩ። ከሌለ ኦቨርሌዩ የመረጃውንም ፓርቲሽን ሸፍኖታል ማለት ነው። በኦቨርሌይሩት ቅንብር ውስጥ «ሪከርስ» የሚለውን 0 አድርጉትና ድገሙት። ይህን ያላየ ሰው ሙሉ ቀን እየመዘገበ ያለ ይመስለዋል፤ የጻፈው ግን ሁሉ ራም ላይ ነበር።

ማሻሻያ ስትፈልጉ ኦቨርሌዩን አጥፉ፣ አስነሱ፣ አሻሽሉ፣ መልሳችሁ አብሩ።

እርምጃ 11፦ ከላብና ከንቅናቄ ጠብቁት

ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ከጀርባው 8 የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶች አሉት። ለሳምንታት ሰውነት ላይ የዋለ ካርድ ስታወጡ ጥርሶቹ መካከል ነጭ ነገር ብናኝ መስሎ ታዩ ይሆናል። የደረቀ ላብ ነው፤ ጨው። ሲረጥብ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሲቆይ ብረቱን ይበላዋል። ጨርቁን በአልኮል አርጥባችሁ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉት። እስኪደርቅ ጠብቁ። በማጥፊያ ላጲስ አትፈግፍጉት፤ የወርቁ ቅብ ስስ ነው።

ካርዱን ሶኬቱ ላይ በካፕቶን ቴፕ ያዙት፣ እንዳይንሸራተት። መያዣውን ስትሠሩ ሶኬቱን ከቆዳ በተቃራኒ በኩል አድርጉት። ባትሪውን ከካርዱ ጋር ጀርባ ለጀርባ አታጣብቁ፤ ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃል፣ ያረጀ ፍላሽ ደግሞ ሙቀት ላይ መረጃውን ቶሎ ይለቃል። የቦርዱን አንቴና ጫፍም ባትሪ ወይም ብረት አይሸፍነው። ዋይፋዩ ሲደክም ደጋግሞ ይልካል፣ ደጋግሞ በላከ ቁጥር ኃይል ይበላል።

እርምጃ 12፦ ሆን ብላችሁ ኃይሉን ቁረጡ

እውነተኛ መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ነው ይህ። እየመዘገበና በዋይፋይ እየላከ ሳለ የኃይል ሽቦውን ንቀሉ። መልሱ፣ ይነሳ። 20 ጊዜ ድገሙት፣ በተለያየ ሰከንድ ላይ። በየጊዜው ሦስት ነገር እዩ፦ ሲስተሙ ተነሳ ወይ? የመረጃው ፓርቲሽን ያለ ስህተት ተከፈተ ወይ? የጠፋው መረጃ ከ30 ሰከንድ አልበለጠም ወይ? አንዱ ካልተሳካ ወደ እርምጃ 6፣ 8 ወይም 10 ተመለሱ። 

ሲያልፍ የካርዱን ሙሉ ቅጂ አንሱና ሁለተኛው ካርድ ላይ ጫኑት። አብዛኞቹ ካርዶች ምን ያህል እንዳረጁ አይናገሩም፤ ደህና ሲሆን ቆይቶ በድንገት ነው እምቢ የሚለው። ዝግጁ የሆነ ሁለተኛ ካርድ ካለ ሥራችሁ የሚቆመው ለአምስት ደቂቃ ነው።

ሊኑክስ የሌለው ቺፕ ለምትጠቀሙ

እንደ ኢኤስፒ32 ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ኖር የሚባል ፍላሽ ነው ያላቸው። አንድ 4 ኪሎባይት ሴክተር ወደ 100,000 ጊዜ መጥፋት ይችላል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የእርምጃ ቆጠራችሁን በየሰከንዱ አንድ ቦታ ላይ እያጠፋችሁ ብትጽፉ 100,000 ሰከንድ 28 ሰዓት አይሞላም። በሁለተኛው ቀን ያ ሴክተር ዕድሜውን ጨርሷል። ስለዚህ በቀጥታ አድራሻ ላይ አትጻፉ። ለትንንሽ ቅንብሮች ኤንቪኤስ፣ ለፋይል ሊትልኤፍኤስ ተጠቀሙ፤ ሁለቱም ጽሕፈቱን በተለያዩ ሴክተሮች ላይ ያከፋፍላሉ። ቆጣሪውን ራም ላይ ይዛችሁ በየ5 ደቂቃው አስቀምጡ። ብራውንአውት ዲቴክተር የሚባለውን (ቮልቴጅ ሲያንስ ቺፑን እንደገና የሚያስነሳውን) ደግሞ «ደጋግሞ ያስነሳብኛል» ብላችሁ አታጥፉት። ደጋግሞ የሚያስነሳው ቮልቴጁ ስለሚወርድ ነው፤ ሽቦውንና ባትሪውን ፈትሹ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- አረንጓዴው መብራት እያለ ካርዱን ማውጣት።
- የተበላሸን ካርድ ፎርማት አድርጎ መልሶ መጠቀም። አንዴ ማንበብ ወይም መጻፍ እምቢ ያለ ካርድ ፎርማት ሲደረግ ለጥቂት ቀን ሊሻለው ይችላል። መረጃ አትመኑበት።
- ካርዱን እስከ 95 ከመቶ መሙላት። ባዶ ቦታ ሲጠፋ ካርዱ ለማዛወር ይጨናነቃል፣ ይዘገያል፣ ይበልጥ ያረጃል።
- ስህተት ለመፈለግ የተከፈተ ዝርዝር ሎግን ሳይዘጉ መርሳት። ኦቨርሌይ ካለ ራሙን ይሞላዋል፤ 512 ሜጋባይት ቶሎ ያልቃል፣ ቦርዱም ቀጥ ይላል።
- የተጎዳ ፓርቲሽንን መጀመሪያ መጠገን። ቅጂው ይቅደም፤ መጠገኛው ሊድን የሚችለውን ፋይል ራሱ ሊጥለው ይችላል።
- መጠባበቂያ ካርዱን ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ መርሳት። ፍላሽ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ የያዘው ቀስ እያለ ይደበዝዛል። በየስድስት ወሩ አውጡት፣ ሙሉውን አንብቡት፣ አዲሱን ቅጂ ጫኑበት።